ልጃችሁ አፉን እንዲፈታ፦ ለጅማ ወላጆች ከልደት እስከ አራት ዓመት የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

«ሁለት ዓመት ሞላው፤ እስካሁን አፉን አልፈታም» ብላ የተጨነቀች እናት ጎረቤት ብታማክር የምታገኘውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዷ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ ተይው» ትላለች። ሌላዋ «ሁለት ቋንቋ እየሰማ ተምታቶበት ነው» ትላለች። አክስት ደግሞ «ምላሱ ታስሮ እንዳይሆን፤ እንጥሉም ይታይ» ብላ ትጨምራለች። ሁሉም የሚናገሩት ከፍቅር ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ምክር ውድ ጊዜ ያባክናል፣ ሁለተኛው ልጁን ከአንዱ ወገን ዘመዶቹ ቋንቋ ይለየዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ሊዳርገው ይችላል።

እዚህ የማስቀምጠው ወላጅ ከዛሬ ጀምሮ በገዛ ቤቱ፣ በእጁ ባለው ነገር ሊያደርግ የሚችለውን ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ለልጁ መመለስን ነው። ልጅ ቋንቋን የሚለምደው በዙሪያው ብዙ ስለተወራ ብቻ አይደለም፤ ድምፅ ሲያወጣ፣ ትኩር ብሎ ሲያይ፣ በጣቱ ሲጠቁም የሚመልስለት ሰው ስላገኘ ነው። ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ የሚነሱ ናቸው።

1. ከሁሉ በፊት ጆሮውን አረጋግጡ

ንግግር ሲዘገይ ብዙ ቤተሰብ የሚመለከተው አፍን ነው። መታየት ያለበት ግን አስቀድሞ ጆሮ ነው፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ የሚደግመው ቃል የለውም። በአገራችን ለሁሉም ሕፃናት ሲወለዱ የመስማት ምርመራ ማድረግ የተለመደ አይደለም። ስለዚህ ችግሩን ቀድሞ የማየት ዕድል ያለው ወላጅ ነው።

የሦስት ወር ሕፃን በድንገተኛ ከፍተኛ ድምፅ ይደነግጣል፤ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ ጸጥ ይላል ወይም ፈገግ ይላል። ስድስት ወር ገደማ ድምፅ ወደመጣበት ዞር ይላል። በዘጠኝ ወሩ ስሙ ሲጠራ ቀና ብሎ ያያል። ቤት ውስጥ ለመሞከር አንድ ሰው ሕፃኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከፊቱ ባለ መጫወቻ ያጫውተው። ሌላ ሰው ከኋላው ትንሽ ራቅ ብሎ ጥቂት ሽምብራ የተጨመረበት ቆርቆሮ በቀስታ ያንቀሳቅስ፤ በመጀመሪያ በቀኝ በኩል፣ ከዚያ በግራ። ሕፃኑ ጥላችሁን እንዳያይ ተጠንቀቁ፤ በዓይኑ ጠርዝ አይቶ ከዞረ ሰማ ማለት አይደለም። ካልዞረ ደክሞት ወይም ርቦት ሊሆን ስለሚችል በሌላ ቀን ድገሙት።

ይህ የቤት ሙከራ ሕክምናን አይተካም። በከፊል ብቻ የሚሰማ ልጅ በር ሲንኳኳ ይዞራል፤ ንግግርን ግን አጥርቶ አይለይም። ስለዚህ ሙከራው ደህና ቢመስልም ልባችሁ ከጠረጠረ ሂዱ። በተለይ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ በተወለደ ሰሞን ቆዳውና ዓይኑ በኃይል ቢጫ የሆነበት፣ ማጅራት ገትር ያመመው ወይም ሆስፒታል ተኝቶ እንደ ጄንታማይሲን ያለ መድኃኒት የወሰደ ልጅ የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል። ኩፍኝና ጆሮ ደግፍም የመስማት ችሎታን ሊጎዱ ይችላሉ።

ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፤ ጉንፋንም ከሕፃናት አፍንጫ አይጠፋም። ከጉንፋን በኋላ በታምቡር ጀርባ የሚጠራቀም ፈሳሽ ለሳምንታት ድምፅ አፍኖ ሊያቆይ ይችላል። ጆሮው የሚመግል ልጅ ደግሞ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የጡት ወተት፣ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ አትጨምሩበት። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ካልዳነ ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም እንዲልኩት ጠይቁ።

2. ከልደት እስከ ዘጠኝ ወር፦ ተራ መስጠት

ሕፃን ሲወለድ ለእናቱ ድምፅ እንግዳ አይደለም፤ በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ሲሰማው ቆይቷል። ሁለት ወር አካባቢ ከለቅሶ ሌላ ለስላሳ ድምፅ ማውጣት ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ፊታችሁን ከፊቱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አቅርባችሁ ያወጣውን ድምፅ መልሱለት፤ ከዚያም ዝም በሉ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ድምፅ ያወጣል። ያ ዝምታ ከምታወሩት ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ሕፃኑ «አሁን የእኔ ተራ ነው» የሚለውን የሚማርበት ነው። ቃል ከመምጣቱ በፊት ጭውውት ይመጣል።

ለሕፃን ድምፅን ቀጠን አድርጎ፣ ቃሉን ሳብ አድርጎ፣ ፊትን እያሳዩ ማውራት ብዙ አባቶችን ያሳፍራቸዋል። አያሳፍራቸው። ሕፃናት እንዲህ ያለውን አነጋገር ከተራው የበለጠ ይከታተላሉ። «የኔ ማር፣ ርቦሻል እንዴ? እስቲ እንይ!» ስትሏት ቃሉ እውነተኛ ቃል፣ ዓረፍተ ነገሩም የተሟላ ይሁን፤ ዜማው ብቻ የሕፃን ይሁን።

በአንቀልባ የሚያዝል ሰው ሕፃኑን ከልብ ትርታው ጋር ያስተሳስረዋል፤ ሕፃኑም ወሬ ሁሉ ይሰማል። ነገር ግን ጀርባ ላይ ሆኖ ፊት አያይም። ስለዚህ ሲወርድ የፊት ለፊት ጊዜ ስጡት፦ ሲታጠብ፣ ቅባት ሲቀባ፣ ጡት ጠብቶ ሲጨርስ። ማታ እሹሩሩ ስትሉትም ዜማውን አትቀያይሩበት። አንድ ዜማ፣ አንድ ቃል፣ በየማታው ሲደጋገም ሕፃኑ ቀጥሎ የሚመጣውን መጠበቅ ይጀምራል፤ መጠበቁም መማር ነው።

ስድስት ወር ካለፈ በኋላ «ባባባ»፣ «ማማማ»፣ «ዳዳዳ» ይመጣል። ደግሙለት። ከዚያ አንድ አዲስ ነገር ጨምሩ፤ እሱ «ባባባ» ሲል እናንተ «ባባ... ቡቡ» በሉ። በነጠላ ፊትን ሸፍኖ መግለጥ በዚህ ዕድሜ ከሚጫወቱት ሁሉ የሚሻል ጨዋታ ነው፤ ድምፅ፣ ዓይን፣ ተራና ሳቅ በአንድ ላይ አሉበት።

3. ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል፦ ጣቱን ተከተሉ

የመጀመሪያው ቃል ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓመት ገደማ ይመጣል። ከቃሉ ቀድሞ የሚመጣውን ግን ብዙዎቻችን አናይለትም፤ እሱም ጣት ነው። ወደ ባጃጁ ጠቁሞ ወደ እናንተ ዞሮ ሲያይ «አያችሁት?» እያለ ነው። ይህን የሚያደርግ ልጅ የቋንቋን በር እያንኳኳ ነውና ወዲያው መልሱለት፦ «አዎ! ባጃጅ ነው። ባጃጁ ሄደ።»

ልጁ የሚያየውን ስም ጥሩ፤ እናንተ እንዲያይ የምትፈልጉትን ሳይሆን። እሱ ጉንዳን እያየ እናንተ «ይኸውልህ አበባ!» ብትሉት ቃሉ ከምኑ ጋር እንደሚገጥም አያውቅም። ጎንበስ ብላችሁ ጉንዳኑን አብራችሁት እዩ።

በዚህ ዕድሜ ምልክቶችን አስተምሩ፤ እጅ ማወዛወዝ፣ ማጨብጨብ፣ ራስ መነቅነቅ፣ እጅ ዘርግቶ «ስጠኝ» ማለት። እንግዳ ሲመጣ «ሳም፣ ሰላም በል» እያልን የምናለማምደው ወግ ራሱ መልካም ትምህርት ነው። ልጁ ካፈረ ግን አትግፉት፤ እናንተ ሰላም ስትሉ ይይ። ምልክት የሚጠቀም ልጅ ለመናገር ይሰንፋል የሚባለው እውነት አይደለም። እንዲያውም ምልክቱ ለቃሉ መንገድ ይጠርጋል።

4. የዕለት ሥራችሁን በቃል አጅቡት

«ሥራ በዝቶብኝ ከልጁ ጋር የምጫወትበት ጊዜ የለኝም» የሚል ወላጅ ሲያጋጥመኝ ሥራውን ራሱን ተጠቀሙበት እላለሁ። ልጁ አጠገባችሁ እስካለ ድረስ ልብስ ማጠቡም፣ ሽንኩርት መላጡም፣ መንገዱም የቋንቋ ጊዜ ነው።

ሁሉንም መተረክ አያስፈልግም፤ ያለማቋረጥ የሚወርድ ወሬ ልጁን ያደክመዋል። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ተጠቀሙ፣ እጃችሁ ከያዘው ነገር ጋር ይግጠሙ። ቡና ሲፈላ እንውሰድ። እንደ ጅማ ባለ የቡና አገር የሚያድግ ልጅ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ያንኑ ሥርዓት፣ በያንኑ ቅደም ተከተል፣ ከያንኑ ሽታና ድምፅ ጋር ያገኛል። «ቡናውን አጠብን። አሁን እንቆላለን። ስሚ፣ ተንጣጣ! ሸተተሽ? አሁን ይወቀጣል።» ብዙ ወላጆች ለልጅ የሚያስተምሩት ስም ብቻ ነው፤ ኳስ፣ ድመት፣ ውሃ። ነገር ግን ያለ ግሥ ዓረፍተ ነገር የለም። ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ መቅዳት፣ መጠጣት፤ አንድ ቡና ሲፈላ ስንት ግሥ እንዳለ ቁጠሩ። ለሁለት ዓመት ልጅ ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ላይ ከእሳቱ ራቅ ብሎ መቀመጥ ይበቃዋል። ከሰሉና ጀበናው ከእጁ መድረሻ ውጭ መሆናቸውን ግን ሁልጊዜ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሂርማታ ገበያ ስትሄዱ ደግሞ ማወዳደርን የሚያስተምር ሌላ ቦታ አታገኙም። ትልቅ አቮካዶ፣ ትንሽ አቮካዶ፤ የበሰለ ሙዝ፣ ጥሬ ሙዝ፤ ከባድ፣ ቀላል። ልጁን አንዱን አስይዙት። ነጋዴዋ ስታናግረው እናንተ ቀድማችሁ አትመልሱለት። በአዌቱ ድልድይ ላይ ስታልፉም ቆም በሉና ውሃውን አሳዩት፤ ሲደፈርስ፣ ሲሞላ፣ ሲጎድል።

ሦስት ዓመት ሲጠጋ ደግሞ ከፊት ለፊት ከሌለ ነገር ጋር አስተዋውቁት። ቅዳሜ ወደ ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት አስባችኋል እንበል። ዓርብ ማታ «ነገ ዳገቱን እንወጣለን፣ ትልቅ የእንጨት ቤት እናያለን» በሉት። እዚያ ስትደርሱ እሱ የሚያስተውለውን ተከተሉ፤ ምናልባት ከሕንፃው ይልቅ ደረጃው ላይ ያለችው እንሽላሊት ትበልጥበት ይሆናል። ማታ ቤት ስትገቡ ለአያቱ ይንገር። «ምን አየህ?» ካላችሁት በኋላ ጠብቁት፤ ቢጠፋው «እንሽላሊቷ የት ገባች?» እያላችሁ አግዙት። ያለፈውን መተረክ በኋላ ትምህርት ቤት ለሚጠብቀው ንባብና ጽሑፍ መሠረት ነው።

5. ልጁ ያመጣውን ቃል ተቀብላችሁ ጨምሩበት

እዚህ ላይ ረዘም ማለት እፈልጋለሁ፤ በቤታችን ልማድ ውስጥ በብዛት የሚጎድለው ይህ ነውና።

ልጅን ስትጠይቁት በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። የትንሽ ልጅ አእምሮ ጥያቄውን ሰምቶ፣ ቃል ፈልጎ፣ አፉን አዘጋጅቶ እስኪመልስ ጊዜ ይፈልጋል። እኛ ግን በሁለተኛው ሰከንድ «ውሃ ነው አይደል? እንኪ» ብለን እንቀድመዋለን። ሁሉ ነገር ሳይጠይቅ የሚቀርብለት ልጅ ለመጠየቅ ምክንያት የለውም።

አንድ ቃል ሲናገር አንድ ወይም ሁለት ቃል ጨምራችሁ መልሱለት። እሱ «ውሃ» ሲል፦ «ውሃ ትፈልጋለህ? ቀዝቃዛ ውሃ።» እሱ «አባባ ሄደ» ሲል፦ «አዎ፣ አባባ ወደ ሥራ ሄደ።» ከእሱ አንድ እርምጃ ብቻ ቅደሙ። አምስት ዓረፍተ ነገር ብትከምሩበት የትኛውን እንደሚይዝ ይጠፋዋል።

ሲሳሳት አትንቀፉት፤ ትክክለኛውን ራሳችሁ ተናግራችሁ እለፉ። «እማዬ መጣ» ቢል «እንዲያ አይባልም» ከማለት «አዎ፣ እማዬ መጣች!» ማለት ይበልጣል። አማርኛችን በግሡ ላይ ወንድና ሴትን፣ አንተንና እርስዎን ስለሚለይ ልጆች ይህን እስኪያጠሩ ብዙ ይሳሳታሉ። አያቱን «አንተ» ቢላቸው ብልግና አይደለም፤ ገና እየለመደ ነው። «አባባን፣ ይምጡ በላቸው» ብላችሁ አሰሙት። በቂ ነው።

ሌሎች ሦስት ልማዶችን ተዉ። የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ «ይህ ምንድን ነው? ያስ? ቀለሙስ?» እያሉ ማፋጠጥ። ጥያቄ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ለአንድ ጥያቄ ብዙ አስተያየት ይቅደም። ምርጫ መስጠትም ጥሩ ጥያቄ ነው፦ «ሙዝ ነው ዳቦ የምትፈልጊው?» ሁለተኛው «በል እስቲ ውሃ በል፣ ካላልክ አልሰጥህም» እያሉ ማስጨነቅ ነው፤ ቃሉ የሚወጣው ሲረጋጋ ነው። ሦስተኛው በኮልታፋነቱ መሳቅና እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንኑ ቃል እንዲደግም ማድረግ ነው። «ረ»ን «ለ» ማለት በሦስት ዓመት ልጅ ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። የሳቅ መነሻ ያደረግነው ልጅ ግን ዝምታን ይመርጣል።

ስለ ዝምታ ካነሳን፣ «ጨዋ ልጅ አይለፈልፍም» የሚለውን አስተሳሰብ እንመርምረው። ለታላቅ አክብሮት ማስተማር ተገቢ ነው፤ እኔም አስተምራለሁ። ነገር ግን የሁለት ዓመት ሕፃን በገበታ ላይ «እኔም! እኔም!» ሲል በ«ዝም በል» የሚቀጣበት ቤት ቋንቋውን እየገደበ ነው። ተራውን ጠብቆ እንዲናገር እንጂ እንዳይናገር አናስተምረው።

6. ሁለት ቋንቋ ያለበት ቤት

ጅማ ውስጥ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚሰማ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። እናት አማርኛ ትናገራለች፣ አባት አፋን ኦሮሞ፤ ጎረቤት ሁለቱንም ያቀላቅላል፤ ሕፃኑን የምትጠብቀው ልጅ ደግሞ የዳውሮ፣ የከፋ ወይም የየም ቋንቋ አፍ የፈታችበት ሊሆን ይችላል። ብዙ ወላጆች ልጅ ሲዘገይባቸው ጥፋቱን በዚህ ላይ ያላክኩና አንዱን ቋንቋ ያቋርጣሉ። አንዳንድ ጊዜም ባለሙያ ራሱ «በአንዱ ብቻ አናግሩት» ይላል።

ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየትን አያመጣም። ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ልጆች የመጀመሪያ ቃላቸውን የሚናገሩት እንደ ሌሎቹ ልጆች በዚያው ዕድሜ አካባቢ ነው። በአንዱ ቋንቋ የሚያውቁት ቃል ለብቻው ሲቆጠር ሊያንስ ይችላል፤ የሁለቱ ድምር ግን አያንስም። ስለዚህ የልጃችሁን ቃላት ስትቆጥሩ ከሁለቱም ቁጠሩ። «ውሻ» በአማርኛ፣ «አዱሬ» በአፋን ኦሮሞ ካለ ሁለት እንስሳ ያውቃል። «ቢሻን ስጪኝ» ቢላችሁም አልተምታታበትም፤ ያለውን ቃል ሁሉ ተጠቅሞ የፈለገውን አግኝቷል። «ውሃ ልስጥህ? እንካ» ብላችሁ በራሳችሁ ቋንቋ መልሱለት። ማቀላቀሉ እያደገ ሲሄድ ይጠራል፤ ማን በምን እንደሚናገር ትናንሽ ልጆች ከምናስበው ቀድመው ይለያሉ።

በተግባር ምን ይደረግ? እያንዳንዱ ሰው ስሜቱን፣ ቀልዱን፣ ተረቱን ሳይቸገር በሚናገርበት ቋንቋ ልጁን ያናግረው። አያቱ በአፋን ኦሮሞ የሚያጫውቱት ከሆነ አታስቁሟቸው፤ እንዲያውም ልጁን ብዙ ጊዜ እሳቸው ዘንድ ላኩት። ቤት ውስጥ ያለችው ሠራተኛም በቋንቋዋ ትዘምርለት፣ ታጫውተው። ብዙ ሰዓት ከልጁ ጋር የምትውለው እሷ ናትና ይህን መመሪያ ለእሷም አስረዷት። በሥራ ብዛት ዝም ብላ ከምትውል በቋንቋዋ ብታወራው ልጁ እጅግ ይጠቀማል። እንደ ጥብቅ ሕግ «እናት በዚህ፣ አባት በዚያ ብቻ» ማለት ግን ግዴታ አይደለም። ዋናው በእያንዳንዱ ቋንቋ ልጁ በቂ ጊዜ፣ እውነተኛ ጭውውት ማግኘቱ ነው። አንዱ ቋንቋ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚሰማ ከሆነ በዚያ ቋንቋ ባይናገር አይግረማችሁ።

ስለ እንግሊዝኛ የምናገረው ከዚህ ይለያል። ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ እንዳይቸገር ብለው የራሳቸውን ቋንቋ ትተው ቤት ውስጥ በተቆራረጠ እንግሊዝኛ የሚያናግሩ ወላጆች እየበዙ ነው። ወላጅ በማያውቀው ቋንቋ ሊሰጥ የሚችለው ትእዛዝና የቀለም ስም ብቻ ነው፤ «ተቀመጥ፣ ና፣ ቀይ፣ ሰማያዊ»። «ትናንት ዝናብ ሲመታን ታስታውሳለህ?» ብሎ ማውጋት አይችልም። በቤት ቋንቋው ጠንካራ መሠረት ያለው ልጅ እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ይለምደዋል።

7. ተረት፣ ሥዕል፣ እንቆቅልሽ

መጽሐፍ ካላችሁ ከስድስት ወር ጀምሮ አሳዩት፤ ቢያኝከውም ግድ የለም። ከሌላችሁ ከአሮጌ ካላንደርና ከማሸጊያ ካርቶን ሥዕል ቆርጣችሁ በደብተር ላይ ለጥፉ፤ የቤተሰብ ፎቶግራፍም ጨምሩበት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ አያስፈልግም። ሥዕሉን እዩ፣ ጠብቁ፣ እሱ የጠቆመውን አውሩ። ያንኑ መጽሐፍ ደጋግሞ ቢጠይቃችሁ አትሰልቹ።

ሦስት ዓመት ሲያልፈው አጭር ተረት ይወዳል፤ ጅብና አህያ በየአፋቸው ድምፅ ይናገሩ። አራት ሲጠጋ «እንቆቅልሽ» ስትሉት «ምን አውቅልሽ» ብሎ መመለስ ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ እንቆቅልሹ ባይገባውም የመቀባበሉን ሥርዓት ይወደዋል። መብራት የሚጠፋባቸውን ምሽቶች ለዚህ አውሏቸው።

8. ስልክና ቴሌቪዥን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ስክሪን አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ ነው ይላል። ምክንያቱን መረዳት ሕጉን ከመሸምደድ ይጠቅማል። ካርቱኑ ይናገራል እንጂ አይመልስም። ልጁ ሲጠቁም አያይም፣ ሲሳሳት አያርምም፣ ተራ አይሰጥም። ኤ፣ ቢ፣ ሲን እስከ መጨረሻ የሚዘምር፣ ቁጥርን በእንግሊዝኛ የሚቆጥር፣ ነገር ግን ውሃ ሲጠማው የእናቱን እጅ ጎትቶ ወደ ጆግ የሚወስድ የሦስት ዓመት ልጅ አይታችሁ ይሆናል። ያ መሸምደድ ነው፤ ቋንቋ ግን ከሰው ጋር የመገናኛ ነው።

ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውል ከሆነም ዝጉት። ልጁ ባያየው እንኳ እናንተ ከእሱ ጋር የምታወሩትን ይቀንሰዋል። ምግብ ሲበላ ስልክ ለማሳየት የለመደ ልጅ መጀመሪያ ጥቂት ቀን ያለቅሳል፤ በቦታው ወሬ ካገኘ ግን ይለምደዋል። ክረምቱ ረዝሞ ልጅ ከቤት በማይወጣበት ወቅት ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። በዚያን ጊዜ ልብስ ማጠፍ፣ ማሽላ በጣሳ መስፈር፣ በመስኮት ዝናብ ማየት ከስልክ ይሻላሉ።

9. መቼ ወደ ሐኪም መሄድ አለባችሁ?

በአገራችን የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወርና በአሥራ አምስት ወር ይሰጣል። እነዚያን ሁለት ቀናት የቋንቋ መጠየቂያ ቀናት አድርጓቸው፤ መርፌው ሲያልቅ ዝም ብላችሁ አትመለሱ።

በዘጠኝ ወሩ ስሙ ሲጠራ የማይመለከት፣ የ«ባባባ» ዓይነት ድምፅ የማያሰማ፣ ፊት አይቶ የማይስቅ ከሆነ ለጤና ባለሙያዎቹ ንገሯቸው። በአሥራ አምስት ወሩ ከእማማና አባባ ሌላ አንድም ቃል ለመናገር ካልሞከረ፣ የፈለገውንም በጣቱ ካልጠቆመ እንዲሁ። በአንድ ዓመት ተኩል ከእነዚህ ሁለቱ ሌላ ሦስት ያህል ቃል ሊኖረው ይገባል፤ «ኳሱን ስጠኝ» ሲባልም ያለ ምልክት መረዳት አለበት። በሁለት ዓመት ሁለት ቃል ያገናኛል፤ «እማዬ ነይ»፣ «ውሃ ስጪኝ»። በሁለት ዓመት ተኩል ወደ ሃምሳ ቃል፤ በሦስት ዓመት ደግሞ የማያውቀው ሰው አብዛኛውን ንግግሩን ሊረዳው ይገባል። ወንድ ልጆች በአማካይ ትንሽ ይዘገያሉ፤ ልዩነቱ ግን ጥቂት ስለሆነ ዓመታትን ለመጠበቅ ምክንያት አይሆንም።

በማንኛውም ዕድሜ ቢሆን የነበረውን ቃል ወይም የዓይን ግንኙነት ያጣ ልጅ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይታይ። ስሙ ሲጠራ የማይመለስ፣ የማይጠቁም፣ ከሰው ይልቅ ከዕቃ ጋር የሚቀር ልጅ ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያስቸግር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት) ሊኖረው ይችላል፤ ይህ የወላጅ ጥፋት፣ እርግማን ወይም የመንፈስ ጉዳይ አይደለም። በአገራችን ለእነዚህ ልጆች የመጀመሪያው ማዕከል ጆይ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የተከፈተው ዘሚ የኑስ በተባሉ እናት ነበር፤ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ነበረውና ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን ከጓዳ እንዲያወጡ ታግለዋል።

እንጥል ማስቆረጥን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፤ እንጥል ንግግርን አያዘገይም፤ መቁረጡ ግን ሕፃናትን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ምላስ ከሥሯ የተያዘች ከሆነ ጡት መጥባት ወይም አንዳንድ ድምፆችን ማጥራት ታስቸግር ይሆናል፤ ልጁ ቃል እንዳያውቅና እንዳይረዳ ግን አታደርግም። የሚወስነው ሐኪም ነው እንጂ ምላጭ የያዘ ሰው አይደለም።

ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ብዙ ልጆች ለጊዜው ይንተባተባሉ። «ቀስ በል፣ ተንፍስ» አትበሉት፤ እናንተ ዝግ ብላችሁ ተናገሩ፣ ዓይኑን እያያችሁ እስኪጨርስ ጠብቁት፣ ቃሉን አትንጠቁት። ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ወይም ፊቱ እየተጨነቀ፣ ከመናገር እየሸሸ ከሆነ አሳዩት።

የት ትሄዳላችሁ? ከቀበሌያችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር ጠይቁ፤ በከተማችን ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መላክ ይቻላል። የልጆችን ዕድገት ለመመዘን በዓለም ዙሪያ የታወቀው ዴንቨር 2 የተባለ መመዘኛ ለጅማ ልጆች ተስተካክሎ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል፤ ቋንቋ ከመመዘኛው አራት ዘርፎች አንዱ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን «የመስማት ምርመራ ይደረግለት፤ አጠቃላይ ዕድገቱም ይመዘን» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። «ይጠበቅ» ከተባላችሁ «እስከ መቼ? ምን ካላደረገ ልመለስ?» በሉ።

ከመሄዳችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ደብተር ያዙ። ልጁ የሚናገራቸውን ቃላት በሙሉ በሁሉም ቋንቋ፣ ኮልታፋውንም ሳይቀር እንደሚለው አድርጋችሁ ጻፉ። የሚጠቁመውን፣ የሚረዳውን ትእዛዝ፣ ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ ጆሮው ታሞ ያውቅ እንደሆነ ጨምሩ። የክትባት ካርዱንና የወሊድ ወረቀቱን ያዙ። ልጁ ቤት ሲጫወት የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮም በስልካችሁ ቅረጹ፤ ብዙ ልጆች ነጭ ጋዋን ሲያዩ ቃል አይተነፍሱምና። አብራችሁ የምትሄዱትም ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር ከሚውለው ሰው ጋር ይሁን፤ አያቱም ትሁን ሠራተኛዋ፣ ሐኪሙ ሊያናግር የሚገባው እሷን ነው።